ካርታው ላይ ያልተሰመረው መንገድ

ለወረዳችን፣ የገጠር መሬት ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ፣ ለአዋሳኞቼ በሙሉ፣ እንዲሁም ከከተማ ወጥቶ ገጠር ለመኖር ለሚያስብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በአዲሱ የይዞታ ካርታ ላይ ስላልሰፈሩት የእግር መንገድ፣ ምንጭና አውድማ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወደ ቢሯችሁ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በትሕትና ተቀብላችሁኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ "ልኬቱ ተጠናቋል፤ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ" ተብዬ ተመልሻለሁ። እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። በአደባባይ ያደረግሁት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው አንድ ጊዜ ማስረዳት ከጀመረ ደወል ካልተደወለ አያቆምም።

የቀበሌዬን ስም አልጠራም። መሬቱን የለኩት ወጣቶች በየካቲት ሐሩር ከማሳ ማሳ ሲዞሩ ውለው፣ ለምሳ ሾላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ አይቻለሁ። ከመካከላቸው አንዷን ሰባተኛ ክፍል ሳለች አስተምሬአታለሁ። የታዘዙትን በደንብ ሠርተዋል። የቀረው ነገር የቀረው በያዙት ቅጽ ላይ ቦታ ስላልነበረው ነው።

የምኖረው ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ አገሩ ወደ ጣና እየተንጣለለ በሚወርድበት የዋልካ ሜዳ ዳር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። እናቴ ሦስት ቦታ የተከፋፈለ፣ በድምሩ አምስት ቃዳ የሚሆን መሬት ነበራት፤ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። እሷን ላስታምም ከከተማ መጣሁ፤ እሷ ስታርፍ እዚያው ቀረሁ፤ መሬቱም በውርስ ወደ እኔ ዞረ። ይኸው ሰባተኛ ክረምቴ ነው።

ካርታውን የተቀበልኩ ዕለት ደስ ብሎኛል፤ ይህን አልሸሽግም። ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የማሳዎቼ ወሰን ጥርት ብሎ ተሰምሯል፤ ስፋታቸው በድምሩ 1.2387 ሄክታር ተብሎ ከነጥብ በኋላ እስከ አራተኛው ቤት ተጽፏል። አራተኛው ቤት አንድ ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ወንበር ከነተቀማጩ የሚያርፍበት። አያቶቻችን እኮ ርስት ሲሟገቱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። በችሎት ደጃፍ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ፣ ምስክር ሲያበሉና ሲያጠጡ ኖረው፣ የተሟገቱበት መሬት ከወጪው ያነሰ ሆኖ ይገኝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ያንን ዘመን ዘጋው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ኋላም ክልላችን ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር እናቴ የራሷን ከአንገት መስቀሏ ጋር በአንድ ሳጥን ቆለፈችበት። የእሷና የአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፤ ሁለቱም ካሜራውን የሚያዩት እንደ ዳኛ ፈርተው ነው።

ያ የድሮ ደብተር ካርታ የለውም። ወሰኑን በቃል ነው የሚናገረው፦ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ። የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። "መንገድ" ይላል። በአዲሱ ካርታ ላይ በምዕራብ በኩል ያለው የአዋሳኜ ማሳ ነው፤ የእሳቸው መስመርና የእኔ መስመር ገጥመዋል። በመካከላችን የነበረው፣ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ግማሹ ለእሳቸው፣ ግማሹ ለእኔ ደርሶ ጠፍቷል። ሳንለምን የተሰጠን ስጦታ ነው። ሁለታችንም አልተደሰትንበትም።

መንገዱ ከጠጠር መንገዱ ይነሣል፤ በአሥራ አንድ ባለይዞታዎች ማሳ ዳርና ዳር እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ አውድማውን ይነካል፤ ምንጩ ጋ ያልቃል። በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 640 ሜትር ነው። ሴቶች ውኃ ይቀዱበታል፣ እረኞች ከብት ይነዱበታል፣ ገበሬ ጥማድ በሬውን ከነቀንበሩ ይዞ ያልፍበታል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወጣው በእሱ ነው። ስም እንኳ የለውም፤ "በታች በኩል" ነው የምንለው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ይህን ሳልናገር እናንተን ብወቅስ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል።

እዚህ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አጥር አጠርኩ። ከተማ የኖረ ሰው መሬት ሲይዝ መጀመሪያ የሚታየው አጥር ነው። የባሕር ዛፍ ችካል አስቆረጥኩ፤ ከጎንደር ገበያ እሾሃማ ሽቦ ገዝቼ በባጃጅ አስጫንኩ። ባጃጁ ጠጠር መንገዱ ላይ አውርዶልኝ ስለተመለሰ ጥቅልሉን በአህያ አስመጣሁ፤ አህያው የመጣው በዚያው ልዘጋው ባሰብኩት መንገድ ነበር። ሦስት ረድፍ ወጥሬ ከሾላው በታች ዘጋሁት። ምክንያት አልጠፋኝም፤ ከብት ጎመኔን በልቶብኝ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የጀሪካን ድምፅ ሰማሁ። ባዶ ጀሪካን ጀርባ ላይ ታዝሎ በእርምጃ ልክ ዷ ዷ የሚለውን የሰማ ያውቀዋል። አምስት ሴቶች ነበሩ። ሽቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም አልተናገረም። አንዷ እሾሁን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አየችው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ዞሩ። በሌላ በኩል ዞሮ ምንጩ ጋ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ በልቤ "የገዛ ማሳዬ ነው" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ክፉ ነገር አላደረገብኝም። ምንም አላደረገልኝም እንጂ። ሽምብራዬ ሲደርስ ደቦ ጠራሁ፤ ለሃያ ሰው እንጀራ ጋግሬ ጠላ ጠመቅኩ። አራት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው። ጠላው ኮመጠጠ። ጅብ አህያዬን በበላበት ሌሊት ከጎረቤት አንድ ጩኸት አልተሰማም፤ ጅብ የሚሸሸው ደግሞ የብዙ ሰው ጩኸት ሲሰማ ነው። ላሜ ስትጠፋ "ወዲያ ማዶ አይቻታለሁ" የሚል እረኛ አልተገኘም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ፈለግኋት።

በሐምሌ አንድ ቀን ወደ ማታ አዋሳኜ የሆኑት ሽማግሌ መጡ። ከሽቦው ወዲያ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ።

"ልጄ፣ እናትሽን በየት በኩል ነበር ወስደን የቀበርናት?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። ቃሬዛው ያለፈው እኔ ችካል በተከልኩበት ላይ ነበር።

"እኔም ሸምግያለሁ። በየት ልታወጡኝ ነው?" አሉና ዝናቡ ሳይዛቸው ተመለሱ።

ችካሎቹን በማግሥቱ ነቀልኩ። ሽቦው አሁን የዶሮ ቤቱ ዙሪያ ተጠምጥሟል፤ ሸለምጥማጥ በመካከሉ እንደ ልቡ ይገባል። ሴቶቹ በሦስተኛው ቀን በመንገዱ አለፉ። ጣቷን ያየችው ሴት "እንደምን አደርሽ እቴ" አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልተነሣም፣ እስከ ዛሬም አልተነሣም።

ስለ 640 ሜትር ይህን ያህል የምደክመው ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ፣ እዚህ መኖር የሚሰጠውንና የሚወስደውን ጥቂት ላውራ። ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ለሚያይ ሰው ሁሉም ማሳ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው።

በአፈሩ ልጀምር። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው። በሐምሌ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያው እርምጃ ጭቃውን ጫማዬ ሥር ይለጥፈዋል፤ ሁለተኛው በላዩ ይደርብበታል፤ አሥረኛው ላይ ስደርስ አራት ጣት ያህል ረዝሜአለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቦቲው ጭቃ ውስጥ ይቀርና እግሬ ብቻውን ይወጣል። በአንድ እግር ቆሞ፣ በአንድ እጅ ዣንጥላ ይዞ፣ በሌላው ጫማ መንቀል የእኛ አገር የክረምት እስክስታ ነው። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ አንዱን ቦቲ ከነጭቃው በሚዛን ሰቀልኩት፤ 3 ኪሎ ከ400 ግራም መዘነ። ጫማው ብቻውን አንድ ኪሎ አይሞላም። ሃያ ሊትር ውኃ ያዘለች ሴት በእያንዳንዱ እግሯ ይህን ጨምራ ተሸክማ ነው የምትመላለሰው፤ ዙሪያ ጥምጥም ሂጂ ስንላት ምን እያልናት እንደሆነ ሚዛኑ ነገረኝ። በበጋ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የጥጃ እግር ይውጣል፤ የጓዳዬን ቁልፍ ከዋጠው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ግን ይኸው አፈር ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ሽምብራ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይጥልም በሆዱ ባጠራቀመው እርጥበት ያበቅለዋል። እሸቱ ሲደርስ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ነቅሎ እየጠረጠረ ይበላል። እየሄዱ መብላት የተፈቀደ ነው፤ ነውሩ አስሮ መሄድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ መንገደኛ ሽምብራዬን ሲነቅል አይቼ ጮህኩበት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። በራሱ አፍሮ እንዳይመስላችሁ፤ ያፈረው በእኔ ነው።

ጓያም አለ። ሌላው እህል ሲከዳ ውኃ ተኝቶበት በነበረ ዋልካ ላይ ያለ ብዙ ድካም የሚበቅለው እሱ ነው። በሽሮ እንበላዋለን፤ ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀል ጣዕሙም ደህና ነው። ለብቻው ለወራት የተበላ እንደሆነ ግን እግር ይሰብራል፤ በችጋር ዘመን በልተውት ምርኩዝ ይዘው የቀሩ ሰዎች በዚህ ሜዳ ነበሩ። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን እንደሚቀንሰው ሴቶቹ ያውቃሉ። ያ የሚደፋው ውኃ ግን በጀርባ የመጣ ነው። እኔ መንገዱን በዘጋሁባቸው ወራት ስንት ቤት ሳይዘፈዘፍ እንደተፈጨ ማሰብ አልወድም።

መስከረም ሲጠባ ከአደይ አበባው ጋር ወባም ይመጣል። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ፣ እናቴ እንደምትነግረኝ ወደ እኛ ሰፈር የመጣው የመጀመሪያው ጤና መኮንን በበቅሎ ነበር። የዛሬዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አጎበሩን በሸክም ይዛ በእግሯ ትመጣለች። በየትኛው መንገድ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

መብራት የለንም። ማታ ማታ የከተማው ብርሃን ከአድማስ ወዲያ ደብዘዝ ብሎ ይታየናል። ስልክ የምንሞላው በፀሐይ ነው፤ የሞላነው ስልክ ደግሞ የሚሠራው አውድማው ላይ ብቻ ነው። አውድማው ከሜዳው ከፍ ብሎ ስለተሠራ ኔትወርክ እዚያ ይገኛል። ስለዚህ የመንደራችን ስልክ ቤት አውድማው ነው፤ ማታ ሰዎች በየአቅጣጫው ፊታቸውን አዙረው፣ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ እየተራራቁ ሲያወሩ ይታያሉ። ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን በሬዎቹ ቦታውን ስለሚይዙት ከዓለም ጋር ያለን ግንኙነት ይቋረጣል። ባንድ ወቅት የመኪና መንገድ ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ፣ ከተማ ያለችው እህቴ የጤፍ ዋጋ እያማረረች ስትደውልልኝ ቆሜ የሰማኋት እዚያው አውድማ ላይ ነው፤ እኔ ከጎታዬ እየበላሁ። ያን ዕለት መብራት ስለሌለን አላዘንኩም። በካርታችሁ ላይ አውድማው የአንድ ሰው ማሳ አካል ሆኖ ተሰምሯል።

ስለ ከብትም ልናገር፤ በዚህ ነገር ከጎረቤቶቼ ጋር ጨርሶ አልተስማማሁም። እዚህ መሬት የእኔ የሚሆነው እንደ ወሩ ነው። ከሰኔ ጀምሮ እህሉ እስኪነሣ የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ከብት ቃርሚያውን ይግጠዋል። የግብርና ባለሙያዎች ልቅ ግጦሽን ሲያወግዙ ግማሽ ልቤ ከእነሱ ጋር ነው፤ የተከልኩትን ማንጎ ሁለት ጊዜ በልተውብኛል። በሌላ በኩል ከብቱ በጋጠበት ይጥላል። የጣለውን ሴቶች ለቅመው ኩበት ያደርጉታል፤ እንጨት በሌለበት ሜዳ ምድጃው ይቀድማል፤ አፈሩ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ከዚያ የአፈሩን ድርሻ በከረጢት ማዳበሪያ በውድ ዋጋ እንገዛለን። ሒሳቡን ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ኩበቱን አፈር ውስጥ ብንቀብረው ይሻለን ነበር። ሠርቼ ስጨርስ ወጥ መሥራት አለብኝ፤ ኩበት አነድዳለሁ።

ወደ ምንጩ እንሂድ፤ ዋናው እሱ ነው። በጥቅምት አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በሁለት ደቂቃ ይሞላል፤ በሚያዝያ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓቴ ይዤዋለሁ። ከምንጩ በላይ ባለው ማሳ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ባሕር ዛፍ ውኃ እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዛፎቹ ባለቤትም ያውቃል። ግን አንድ ዙር ቆርጦ በሸጠው ልጁን ከተማ ቤት ተከራይቶ አስተምሯታል፤ ይህን ሽምብራ አይሠራለትም። እኔ ልፈርድበት አልችልም፤ ለሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ስንቶቹ በባሕር ዛፍ እንደተማሩ ማን ያውቃል። ይህ በመካከላችን የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ባለፈው ዓመት ለምንጩ የቀረቡትን ሁለት ረድፍ ነቅሎልናል።

በመካከላችን የማያልቀው ግን ይህ ነው፦ ምንጩ በካርታው ላይ የዚያ ሰው ሆኗል። እሱ ደግ ሰው ነው። ልጁም ደግ ናት። የልጁን ተከራይ ግን አላውቀውም።

ይህን የምለው በባዶ ስጋት አይደለም። በመሬት የመጠቀም መብትን ማከራየት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ለብድር ዋስትና ማስያዝም ተፈቅዷል። መልካም ነው፤ ገበሬው ብድር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ነገ ከባንክ የሚመጣው ሠራተኛ ወይም ከከተማ የሚመጣው ተከራይ የሚጠይቀው ሽማግሌውን ሳይሆን ካርታውን ነው። ካርታው "ከዚህ እስከዚህ የእሱ ነው" ይለዋል። እሱም እኔ ያደረግሁትን ያደርጋል፤ ችካል ያስቆርጣል። ልዩነቱ እኔን ያስመለሰኝ የእናቴ ቃሬዛ ነው፤ እሱ እዚህ የቀበረው ሰው የለም።

ፍርድ ቤት አለ ትሉኝ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ የሌለው ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እውነት ነው። ጀሪካን ያዘለች ሴት ጠበቃ ቀጥራ፣ በቀጠሮ እየተመላለሰች፣ ውኃ ለመቅዳት ትከራከር? ያ ከርስት ሙግት በምን ይለያል?

አዘዞን ተመልከቱ። ከጎንደር ተለይታ ትኖር የነበረች መንደር ዛሬ የከተማው ክፍል ናት፤ ከተማው ወደ እኛም እየመጣ ነው። ሲደርስ የሚያጠናው ወረቀታችሁን ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለ መንገድ ይሰፋል፣ የሌለው ይገነባበታል። የፋሲልን መዋኛ ቅጥር በካርታ ላይ አሳምረን ሥለን፣ ለጥምቀት የሚሞላውን የቀሃ ወንዝን ውኃ የሚያመጣለትን መስመር ብንረሳ ምን ይተርፈናል? ድንጋይና ሣር።

ቢሯችሁ ውስጥ የተነገሩኝን መልሶች አልረሳሁም። አንዱ ባለሙያ "የእግር መንገድ ይንቀሳቀሳል፤ እንዴት ይሰመራል?" አለኝ። ልክ ነው። ጭቃው ሲበዛ ሰው ዳር ዳሩን ይይዛል፤ በአንድ ክረምት መንገዱ ወደ ማሳው ሁለት ሜትር ይገባል። ስለዚህ በሁለት እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሥራ አንዳችንም ወጥተን በግራና በቀኝ የወሰን ድንጋይ ተከልን። ዘጠኛችን በፈቃዳችን፣ ሁለቱ እያጉረመረሙ። ከሁለቱ አንዱ የሚለው መናቅ የለበትም፦ "ነገ መሬቱ ለልማት ቢወሰድ ካሳው የሚሰላው በስፋቱ ነው፤ መንገዱን የወል ብለን ካስጻፍን ከካሳችን ይቀነሳል።" ይቀነሳል። ለእሱም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ደስ አላለውም፣ ግን ድንጋዩን አብሮን ተከለ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። 640 ሜትር በ3 ሜትር 1,920 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ቃዳ አይሞላም። ከእኔ ማሳ ጋር መንገዱ 280 ሜትር ይጓዛል፤ የእኔ ድርሻ የስፋቱ ግማሽ ስለሆነ 420 ካሬ ሜትር ይደርሰኛል። በእኔ ማሳ በደህና ዓመት ጤፍ በሄክታር 15 ኩንታል ሒሳብ ይገኛል፤ ስለዚህ መንገዱ በዓመት 63 ኪሎ ጤፍ ያስወጣኛል። ለሌሎቹ ለአሥሩ የቀረው 1,500 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚነካው የእኔ ይዞታ ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የምለምነውም ይህንኑ ነው። መንገዱ፣ አውድማውና የምንጩ ዙሪያ በወል ይዞታነት ተለክተው በካርታው ላይ ይግቡ። የእኔ ደብተር ላይ 1.2387 የሚለው 1.1967 ሄክታር ተብሎ ይታረም። የሌሎቹም እንደየድርሻቸው። የአሥራ አንዳችን ፊርማና የጣት አሻራ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ መዝገብ ቤታችሁ ገብቷል፤ የእናቴን የድሮ ደብተር ቅጂም "በምዕራብ መንገድ" የሚለውን በቀይ አስምሬበት አያይዣለሁ። የአስተማሪ ልማድ ነው፣ ይቅርታ።

ለማጣራት ባለሙያ ስትልኩ በበጋ አትላኩ። በበጋ ሁሉም ቦታ መንገድ ይመስላል። በሐምሌ ላኩ። ጠጠር መንገዱ ላይ ሲወርዱ ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ካልሠራ አውድማው ላይ አይደለሁም ማለት ነውና የጀሪካኑን ድምፅ ይከተሉ፤ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ቦቲ ጫማ ይያዙ።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት
ጎንደር፣ ከዋልካው ሜዳ ዳር